ጠብ አይልም ያልኩት ቤት

ልጄ አርጊሮ፣ እመቤታችን ከሮተርዳም ብርድ ትጋርድሽ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ደሴታችን ናክሶስ ላይ ዘንድሮ ወይራው ጥሩ አፍርቷል፤ ፍየሏም መንታ ወልዳለች።

አጎትሽ ፓንቴሊስ የታችኛውን ቤት ለሆላንዳውያን ባልና ሚስት መሸጡን ነግሬሽ ነበር። ሊገዙ ሲመጡ ሚስትየዋ ማሪኬ በተሰባበረ ግሪክኛ፣ "እማማ፣ በክረምት ውሃ ይገባል?" ብላ ጠየቀችኝ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሟል። "ኧረ ጠብ አይልም" አልኳት። ከዚያ ቤት ጎርፍ በባልዲ ስንቀዳ እንዳደግሽ አንቺው ታውቂያለሽ።

ባለፈው ሳምንት ዘነበና ውሃው አልጋቸው ድረስ ገባ። ማሪኬ እስከ ጉልበቷ ርሳ በሬን አንኳኳች። ልትወቅሰኝ መስሎኝ ነበር።

"እማማ፣ እርስዎስ ደህና ነዎት? ብቻዎን ስለሆኑ ሰጋን" አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ" ብላት ያጽናናኋት መስሏት አቀፈችኝ። አጎትሽማ፣ "አንዴ ገዝተዋል፣ ምን አስለፈለፈሽ?" ይለኛል።

አሁን ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ በደጃቸው ማለፍ አፍሬ በላይኛው መንገድ እዞራለሁ። እባክሽ ልጄ፣ "እያወቅሁ ዋሸኋችሁ" የሚለውን በእነሱ ቋንቋ በትልልቅ ፊደል ጻፊልኝ። ወረቀቱን ራሴ ይዤላቸው እሄዳለሁ።

አምላክ አንደበትሽን ከውሸት ይጠብቅልኝ።

እናትሽ ስታማቲያ