ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ሃያ አራት ደቂቃ

...የእጁን ጠመኔ እንኳ ሳይታጠብ ነበር የወጣው። ይቅርታ፣ ከመሃል ጀመርኩ። ሰሞኑን ሁሉን ነገር ከመሃሉ ነው የምጀምረው።

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ የጸጥታ ኃላፊ፤

በርዎ ላይ ስም ስላልተጻፈ በማዕረግዎ ብቻ እጠራዎታለሁ። ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለእንቅልፍዎ ደኅንነት እመኛለሁ። ደስታነሽ እባላለሁ፤ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ወንዳወቅ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ወይም ያስተምር ነበር። የትኛው እንደሆነ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. መሥሪያ ቤትዎ ለትምህርት ስለሰጠው ትኩረት። ባለቤቴ ለዘጠነኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ የጻፈው ጥያቄ፣ በሰዓት ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ አዲስ አበባ በስንት ደቂቃ ይደርሳል የሚል ነበር። በመኪና አራት መቶ የሚጠጋው መንገድ በአየር ሁለት መቶ አርባ ግድም ስለሆነ፣ መልሱ ሃያ አራት ደቂቃ ነው። የእርስዎ ሰዎች ግን አውሮፕላኑ የማን እንደሆነ፣ ምን እንደጫነ፣ ማረፊያ ከሌላት ከተማ እንዴት እንደተነሣ መጠየቃቸውን ሰማሁ። እንዲህ ጠለቅ ያለ ጥያቄ ከተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም።

2ኛ. ምሳ ልናቀርብ ስንል ስለላኳቸው ሁለት ጨዋ ሰዎች። ታላቅየው፣ እትዬ አይስጉ፣ የምንፈልጋቸው ለአምስት ደቂቃ ነው፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳሉ ብሎኛል። ድስቱን ከድኜ ጠበቅሁ።

ሥራዬ ነውና አሰላሁት። ባለቤቴ በዚያ አውሮፕላን ተሳፍሮ ቢሆን፣ በአምስት ደቂቃ ቡሬ ደርሶ ይመለስ ነበር። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። በዚሁ ፍጥነት ምድርን ስድስት ጊዜ ዞሮ ሰባተኛውን ሊጨርስ ተቃርቧል። በየዙሩ በቤታችን በላይ ያልፍ ይሆናል እያልኩ፣ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ።

3ኛ. ስለ ሰፊው መቀመጫ። ዘበኛዎ ቡሬ ጠይቂ አለኝ፤ ቡሬ ያሉት ደግሞ ፍኖተ ሰላም ጠይቂ አሉኝ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። የሚያውቁኝ ሁሉ ሚኒባሱ ውስጥ ከእኔ ራቅ ብለው ስለሚቀመጡ፣ ወንበሩን ብቻዬን እይዘዋለሁ።

4ኛ. ጽፌው ነበር። ሰረዝኩት።

ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ስም በሌለው በርዎ ፊት የቆምኩትን ሰዓት ያህል የረዘመ መሆኑን እየገለጽኩ፣ የቢሮዎ ሰዓት እንደ ሌላው ሰው ሰዓት እንዲቆጥር ከልብ እመኛለሁ።

አክባሪዎ
ደስታነሽ

ግልባጭ፦
ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች
ለቡሬ ሚኒባስ ተሳፋሪዎች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴ ካርታ እንጂ ማካፈል አይሆንለትም። ሃያ አራቷን ያሰላሁለት እኔ ነኝ፤ ሰዎችዎ ከእሱ ጋር የወሰዱት ማስታወሻ ደብተር ላይ ያለው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የያዙት ሰው ተሳስቷል ቢባል እንኳ፣ ስሕተቱ በአንድ ቤት ውስጥ ነው። እኔን ሲፈልጉኝ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ ቀደም ብለው ይንገሩኝ፤ ምድጃውን አጥፍቼ፣ እጄን ታጥቤ ልጠብቅ።

ይህን ስጽፍ ከደጅ መኪና ቆመ። የመኪናው በር ተዘጋ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ነበር።