በአምስት ደቂቃ ውስጥ

ሮተርዳም፣ ኖቬምበር 13 ቀን 2007

ውድ ጋሽ ኣስመላሽ፣

ሮብኤል በሕይወት አለ። ጤናዎን ሳልጠይቅ ይህን ያስቀደምኩት የሚከተለውን ሲያነቡ ልብዎ እንዳይቆም ብዬ ነው። ልጅዎ ክፉኛ ተጎድቶ ሆስፒታል ተኝቷል። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ «ትንሽ ጉንፋን ይዞታል በይ፣ ሌላውን ሲመጡ በአካል እንነግራቸዋለን» ብሎኛል። እኔም ታዝዤ ሁለት ጊዜ አስመራ ደወልኩ። ሁለቱንም ጊዜ «ሁላችንም ደህና ነን፣ ብርዱ ብቻ ነው» ብዬ ዘጋሁ። በሁለተኛው ቀን «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» አሉኝ። መስመሩ ነው አልኩዎ። መስመሩ ደህና ነበር።

ስለዚህ እጽፋለሁ። ደብዳቤውን እዚህ ካፔለ ሳሉ ጎረቤትዎ የነበሩት ወይዘሮ ርግበ ቅዳሜ ይዘውልዎ ይመጣሉ። አንብበው እስኪጨርሱ ከአጠገብዎ እንዳይነሱ ለምኛቸዋለሁ።

ስድስት ዓመት ከአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ሠርተናል። ቢሮ ላጸዳ የገባሁትን የወሎ ልጅ አስቀምጠው የመርከብ ሰነድ ማንበብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በከረጢት ሳይታሰር እንዳለ በመርከብ ሆድ ውስጥ የሚፈሰውን ብትን ጭነት፣ እህሉንም፣ ከሰሉንም፣ ለማገዶ የተጨመቀውን ሰጋቱራም፣ ከማን እንደምረከብና በየትኛው ጀልባ ወዴት እንደምልክ ከእርስዎ ነው የተማርኩት። የአሰብ ወደብ ቃልዎን አልተዉም ነበር። «ትራንዚተር በሰው ዕቃ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው» ይሉኝ ነበር።

አንድ ነገርዎ ግን ያበሽቀኝ ነበር። ምሳዎ። መርከብ በገባ ቁጥር፣ ወደ ጭነቱ የሚያወርደው ደረጃ በር ሲከፈት፣ ያችን ተጣጣፊ ወንበር ዘርግተው ከደጁ ይቀመጡና ዳቦዎን ያወጣሉ። የጭነት ክፍሉ ትልቁ ክዳንም በሩም ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ነፋሱ ይገባል፣ እርስዎ ያኝካሉ። ናሙና የሚወስደው ሰው ባልዲውን ይዞ ቆሟል፣ የመርከቡ ሹም ሰዓቱን ያያል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓትም ቢሆን ምሳ ምሳ ነው! «ጋሼ፣ ኧረ ሰዎቹ ቸኩለዋል» ስልዎ «ጭነቱ ይተንፍስ» ብለው ማኘክዎን ይቀጥላሉ። የሽማግሌ ስንፍና መሰለኝ። ከኋላዎ ሆኜ አበላልዎን እያስመሰልኩ ሠራተኛውን አስቅ ነበር። ይህንንም ይወቁት።

ጡረታ ወጥተው አስመራ ሲገቡ እኔም ቢሮውን ለቅቄ የራሴን የጭነት ወኪልነት ፈቃድ አወጣሁ። ስነግርዎ ደስ አላለዎትም። «ለብቻሽ ስትሆኚ ቆይ የሚልሽ ሰው የለም። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው» አሉኝ። ምቀኝነት አድርጌ ወሰድኩት። ዴን ሃግ ማተሚያ ቤት ያለው ሳሊሕ ካርድ አተመልኝ፤ ስሜ፣ ስልኬ፣ ከሥሩ በቀይ ቀለም «በሩ በተከፈተ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ናሙና»። እርስዎ አንድ ሰዓት የሚፈጁበትን እኔ በአምስት ደቂቃ! ከሮተርዳምም ከአምስተርዳምም ስልኩ አላርፍ አለኝ። ሮብኤል የዴልፍት ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ እስኪያገኝ አብሬሽ ልሥራ ሲለኝ እርስዎን ሳላስፈቅድ ባልዲውን ሰጠሁት።

መጀመሪያ ራስ ምታት ነበር። ከሁለተኛው መርከብ ስንወጣ ግንባሩን ይዞ «ሆፍትፐይን አለብኝ፣ በደንብ አልተኛሁም» አለኝ። ፓራሲታሞል ሰጥቼው መኪናዬን አስነሳሁ። ከአራተኛው መርከብ ናሙናውን ይዞ ሲወጣ ጉልበቱ ከዳውና በሩን ተደገፈ። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሁለቱም ቀን የወረደበት ጭነት ሰጋቱራ ነበር። ያኔ አላገናኘሁትም።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ አምስተኛው ገባ። እሱም ሰጋቱራ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ፣ ትልቁ ክዳን ገና እንደተዘጋ ነበር። እኔ ሰዓቴን ያዝኩ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ሮብኤል «ኢክ ጋ አል፣ ልውረድ፣ አንቺ ወረቀቱን ጨርሺ» ብሎ ገባ። ከታች «ደረቅ ነው፣ ሂዳያ!» ሲል ሰማሁት። ቀጥሎ ባልዲው ደረጃውን እየመታ ሲንከባለል ሰማሁ። ስሙን ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ።

ልከተለው አንድ እግሬን አስገብቼ ነበር። ስሙን እንኳ የማላውቀው አንድ ሽማግሌ መርከበኛ ወገቤን ጨምድዶ ወደ ኋላ ጎተተኝ። እጁን ነከስኩት፣ አልለቀቀኝም። የእሳት አደጋ ሰዎች አየር በጀርባቸው አዝለው መጥተው እስኪያወጡት ድረስ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ። የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ ሰዓት መያዝ ለምጄ የለ። አንደኛው «ሲወርድ በሩ ከተከፈተ ስንት ደቂቃ ሆኖት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ያ ካርድ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰጋቱራ ተዘግቶ ሲከርም አየሩን ይበላዋል አለኝ፤ በምትኩ ሽታ የሌለው መርዝ ይተፋል፣ ጎኑ ያለው ደረጃም በዚያው ይሞላል። መጀመሪያ በደንብ ይናፈሳል፣ ከዚያ አየሩ በመሣሪያ ተለክቶ ነው ሰው የሚወርደው።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለን የምሳዎን ነገር ሳወራላቸው ወይዘሮ ርግበ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ውይ፣ የወልደየስ ነገር ነዋ!» አሉ። አሰብ የገባውን የፋጉሎ መርከብ ነገሩኝ። እርስዎ «ምሳ ከመብላታችን በፊት ውረድና እይልኝ» ብለው የላኩትን ጓደኛዎን ነገሩኝ። ወልደየስ በእግሩ አልወጣም፣ ምሳውም እንደተቋጠረ ቀረ።

ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ተቀምጬ ልቆጣዎት ነው። ለምን አልነገሩኝም? ስድስት ዓመት ሙሉ! «ጭነቱ ይተንፍስ» ይሉኛል እንጂ ሰው ሞቶብኛል አላሉኝም። አንድ ቀን የወልደየስን ስም ጠርተውልኝ ቢሆን ያንን ካርድ አላሳትምም ነበር። ደግሞ ይገባኛል። እኔም ይኸው ሁለቴ ደውዬ ደህና ነን ብያለሁ። የእርስዎም ዝምታ፣ የእኔም ችኮላ የወደቀው ሮብኤል ላይ ነው። አብዛኛው ጥፋት ግን የእኔ ነው። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ትናንት የመተንፈሻ መሣሪያውን አወጡለት። ራሱ ይተነፍሳል፣ ዓይኑን ይከፍታል። ያየኛል፣ ግን አያውቀኝም። ሐኪሟ አንጎሉ ምን ያህል እንደተጎዳ ገና አናውቅም ትላለች። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ድምፅ ቢያናግረው ጥሩ ነው አለች። እዚህ እንደዚያ ያለ ድምፅ ያለው ሰው የለም። ይምጡ። ነቅቶ እንደ ልማዱ «አንተ» ቢልዎ እንኳ አይቆጡት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ዛሬ ጠዋት ወረቀት ልፈርም ወደቡ ስሄድ አንድ ካርድ ሰጡኝ። እኔ የተውኩትን ሥራ አንድ አዲስ ወኪል ይዞታል፣ ሐሙስም የሰጋቱራ መርከብ ይገባለታል። ጽሑፉ ከእኔ ካርድ የተቀዳ ነው፣ ቀለሙም ቀይ። «በሦስት ደቂቃ ውስጥ» ይላል። ደውዬ የሮብኤልን ነገር ነገርኩት። «ሥራ ስለወሰድኩብሽ ነው» ብሎ ሳቀ። ለወደቡ ኃላፊዎችም አመልክቻለሁ፣ እናየዋለን ብለውኛል። የዚህን ወኪል ሳቅ አውቀዋለሁ። ከኋላዎ ቆሜ እስቀው የነበረው ሳቅ ነው።

ወንበርዎን ከካፔለ ቤትዎ አውጥቼ መኪናዬ ውስጥ አስገብቻለሁ። ሐሙስ ጠዋት ያ በር ሲከፈት ደፉ ላይ እዘረጋዋለሁ። ጠባብ በር ነው፣ እኔን ሳያነሣ የሚወርድ የለም። ጎትተው ያስነሡኝ ይሆናል። እስከዚያ ግን ምሳዬን እበላለሁ፣ ቀስ ብዬ ነው የምበላው።

የበደለችዎ ልጅዎ፣
ሂዳያ