በክላክስ የተመዘገበ ጋብቻ

ቀን፦ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሌዊስቪልና አካባቢው መረዳጃ እድር
ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ለአቶ አለማየሁ ወልዴ
ሌዊስቪል፣ ቴክሳስ

አመልካች፦ ጌትነት ተሻገር፣ የአባልነት ቁጥር 212

ጉዳዩ፦ ያላገባሁ መሆኔ ታውቆ በስሜ የተመዘገበው ጋብቻ እንዲሰረዝልኝና ማኅተም ያረፈበት ማረጋገጫ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

ኮሚቴው ከእሑድ ዕረፍቱ ቆርሶ ስለሚያገለግለን ያለኝን ምስጋና እያስቀደምኩ፣ ሚስት እንደሌለኝ እንደሚከተለው በአክብሮት አመለክታለሁ።

1. እኔ አመልካች ኧርቪንግ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ መጋዘን የምሠራ ሰው ነኝ። የእድሩ አባል ከሆንኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ከስብሰባ የቀረሁት አንድ ቀን ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሞተር ማንሻ ተውሼ በዕለቱ መመለስ ስለነበረብኝ ነው።

2. ሞተሩ የምን ሞተር እንደሆነ ካልገለጽኩ የቀረው አይገባም። ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ የዴንተን ገበሬ የ1973 ፖንቲያክ ፋየርበርድ ገዛሁ፤ በእኛ አቆጣጠር የ1965 መሆኗ ነው። ስገዛት ሞተር አልነበራትም፤ የኋላ ወንበሯን አይጥ ወልዶበታል። ዛሬ በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዲስ ሞተር፣ በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን፣ አምስት ማርሽ ያለው ካምቢዮ አላት። ቴክሳስ ነውና ኤሲም ገጥሜላታለሁ። ክብደቷ እንዲመጣጠን ባትሪዋን ከፊት አንስቼ ወደ ኋላ ዕቃ መጫኛ ወስጄዋለሁ። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ ባትሪው ከታች ስለሚፈለግ ነው። ጉራም ትንሽ አለበት።

3. ጓደኞቼ ሁሉ ቆርቆሮ ሲሏት «ቀለሟ ምን ይሁን?» ብላ የጠየቀችኝ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ወይዘሪት ሔራን ስምዖን። ቀዩን የመረጠችው እሷ ናት። የግራውን በር አራት ቅዳሜ ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈገችውም እሷው ናት፤ ጥፍሯ አልቆ፣ ፀጉሯ ላይ አቧራ ተኝቶ። ይህችን ልጅ እንደማገባ ያወቅሁት ያኔ ነው። ለኮሚቴው መግለጼ የግድ ባይሆንም እውነት ስለሆነ ጽፌዋለሁ። መኪናዋ ስትነሳ በመጀመሪያው ጉዞ ጋቢና የምትቀመጠው እሷ እንደሆነች ቃል ገባሁላት።

4. ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መኪናዋ ተነሳች። ሔራን ዴንተን ሥራ ላይ ስለነበረች ሳልነግራት ሄጄ ከመሥሪያ ቤቷ በር ላስደንቃት አሰብኩ። እህቴ ቤቴል ደግሞ እዚያው ዴንተን የጓደኛዋ ልጅ ክርስትና ስለነበረባት በመንገዴ ላድርስሽ አልኳት። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል። ቤቴል ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ያን ወንበር ያዘች። የኋላው ወንበር ገና አልተገጠመም ነበር፤ ሌላ መቀመጫ አልነበረኝም።

5. መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቆም እንዲደርሱልኝ ጓደኞቼ ማቲዎስ ከፊት፣ ያፌት ከኋላ በየመኪናቸው አራቱንም ፍሬቻ አብርተው አጀቡኝ። ቀለም ቀቢው ኒኬሉ እንዳይጫር ብሎ በመስተዋቶቹና በኮፈኑ ጠርዝ የለጠፈው ነጭ ወረቀት ገና አልተነሳም ነበርና በነፋሱ ይውለበለባል። ሁለት ማይል ያህል እንደሄድን መሪውን ወደ ግራ ሳዞር ክላክሱ ጮኸ፤ እንደጮኸም ቀረ። የመሪውን ሽቦ የዘረጋሁት እኔ ስለሆንኩ ማንንም አልከስም። ሞተሩን ባጠፋውም ክላክሱ ኃይሉን በቀጥታ ከባትሪው ስለሚያገኝ አይጠፋም። ስለዚህ ወዲያው ባገኘሁት የአፓርትመንት ግቢ ገባሁ። ግቢው ከአባሎቻችን አብዛኞቹ የሚኖሩበት መሆኑን ያስታወስኩት የመጀመሪያዋን እልልታ ስሰማ ነው።

6. እልልታው የእድራችን ጸሐፊ የወ/ሮ እታለማሁ ነበር። እርሳቸውን አልወቅስም። እኔም በረንዳ ላይ ቆሜ ፊትና ኋላዋ ታጅባ፣ ነጭ ነገር ተንጠልጥሎባት፣ ነጭ የለበሰች ልጅ ይዛ፣ ያለማቋረጥ እየጮኸች በየጉብታው ቀስ እያለች የምታልፍ ቀይ መኪና ባይ እልል እል ነበር። ቤቴል አሜሪካ ያደገች ልጅ ናት፤ ሰው እልል ሲል እጇን በመስኮት አውጥታ አውለበለበች። ይህ ነገሩን አባባሰው። ወዲያው በሁለቱም ደረጃ ሰው ወረደ። አንዲት እናት ለልጃቸው ቁርስ ይዘውት የነበረውን ሲሪያል በተኑብን፤ እስከ ዛሬ ኤሲውን ስከፍት አንዳንድ ፍሬ ይወጣል።

7. ባትሪውን ልነቅል ብፈልግ በሩ በሰው ተዘግቷል። በዚህ መሃል ክቡርነትዎ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብለው እጅዎን ዘርግተው መረቁን። ክላክሱ ጆሮዬ ሥር ስለሚጮኽ ከምርቃቱ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ነገር ግን እጅዎ ተዘርግቷል፣ ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል፤ ሽማግሌ ሲመርቅ ጎንበስ ብሎ አሜን እንጂ ሌላ አልተማርኩም። ሦስት ጊዜ አሜን አልኩ። ቤቴልም አለች። በእኛ ዘንድ አዲስ መኪና ያመጣም ሰው እንኳን ደስ አለህ ተብሎ ይመረቃልና ደስታው ሁሉ ለመኪናዋ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ይህን ያህል ይወዱኛል እንዴ ብዬ ዓይኔ እንባ አቅርሮ እንደነበር አልደብቅም።

8. ያፌት እንደምንም ከኋላ ደርሶ የባትሪውን ሽቦ ነቀለው። ባትሪ ከሌላት መኪናዋ ስለማትነሳ ቤቴል መሪውን ይዛ፣ ክቡርነትዎን ጨምሮ አሥራ አንድ አባላት እየገፋችሁ ወደ ጋራዡ መለሳችኋት። በዚያ ሙቀት ለወሬ የሚተርፍ ትንፋሽ ያለው ሰው አልነበረም። ስለ ገፋችሁልኝ አመሰግናለሁ።

9. የዚያኑ ዕለት ማምሻውን በእድሩ የቴሌግራም ገጽ ላይ የእኔና የቤቴል ፎቶ «አባላችን ጌትነት ከባለቤቱ ጋር» ተብሎ ወጣ። በመዝገቡም ላይ «ጋብቻ መፈጸሙን ሰብሳቢው ሲመርቁት ሦስት ጊዜ አሜን በማለት አረጋግጧል» ተብሎ ሰፈረ። በማግስቱ እድሩ ለሙሽሮች የሚሰጠው ብርድ ልብስ በራፌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ለወ/ሮ እታለማሁ ስደውል «አይዞህ፣ ድግስ ስላልደገስክ ማንም አልተቀየመህም» ብለው አጽናኑኝ። ቤቴል እህቴ ናት ብላቸው ሳቁ፤ መዝገብ ግን በስልክ አይሰረዝም፣ በጽሑፍ አቅርብ አሉኝ። ልክ ናቸው።

10. ጥቅምት 16፣ እሑድ፣ አስቀድሞ በተያዘው ቀጠሮ መሠረት ሦስት ሽማግሌዎቼ ሔራንን ለመጠየቅ አባቷ አቶ ስምዖን ቤት ሄዱ። አቶ ስምዖን የእድሩ መሥራች አባል እንደሆኑ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። በሥርዓት አስቀመጧቸው፣ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን አሳዩአቸውና «እድሩ የጻፈውን እናንተ በአፍ ልትሽሩልኝ ነው? ባለትዳር ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛችሁ ኑ» ብለው እስከ ጥቅምት 29 ቀን ጊዜ ሰጡ። ሔራን ራሷ እህቱ ናት ብትላቸውም መልሳቸው ያው ሆነ። ሔራን ደግሞ ያለ አባቷ ምርቃት አታገባም፤ እኔም እንድታገባ አልጠይቃትም።

11. ሔራን ቤቴልን ስለምታውቃት ያላገባሁ መሆኔን አልተጠራጠረችም። ፎቶውን ያየች ዕለት ግን ደውላ ያለችው ይህ ነው፦ «ሶ፣ ቤቴልን ነው ያገባኸው? ኦኬ፣ ፈኒ ነው። ማለቴ፣ እሱን ተወው። ግን ፈርስት ራይዱ የኔ አልነበረም?» የክላክሱን ነገር ማስረዳት ጀመርኩ። ሳልጨርስ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ታናግረኛለች፣ ትስቃለችም፤ ስለ መኪናዋ ግን አንድ ቃል አትጠይቅም። ሽቦውን በማግስቱ ብጠግነውም ከጋራዥ ላወጣት አልቻልኩም፤ ያለ ሔራን ማውጣቱ ያሳዝነኛል።

በእነዚህ ምክንያቶች ኮሚቴው፦

ሀ. አሜን ለምርቃት የሚሰጥ መልስ እንጂ የእምነት ቃል አለመሆኑን ተመልክቶ የተመዘገበውን ጋብቻ እንዲሰርዝልኝ፤

ለ. ያላገባሁ መሆኔን የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ እንዲሰጠኝና በፊታችን እሑድ ጥቅምት 23 በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አቶ ስምዖን ባሉበት እንዲነበብልኝ፤

ሐ. ከፎቶው ሥር «ከባለቤቱ» የሚለው «ከእህቱ» ተብሎ እንዲታረም፤ ቤቴል ልጅ መቼ ነው የሚል መልእክት ሰልችቷታልና፤

መ. በዕለቱ መኪናዋ ዴንተን ሳትደርስ በአባላት ተገፍታ የተመለሰች በመሆኑ የመጀመሪያ ጉዞዋ እንዳልተፈጸመ በደብዳቤው ላይ እንዲጠቀስልኝ፤ ከገፊዎቹ አንዱ ክቡርነትዎ ስለነበሩ ከእርስዎ የተሻለ ምስክር አላገኝም፤

በትሕትና እጠይቃለሁ።

ብርድ ልብሱን ከነፕላስቲኩ ከዚህ ማመልከቻ ጋር መልሻለሁ። ምርቃቱን ግን አልመልስም። ምን ብለው እንደመረቁኝ ኋላ ከሰዎች ሰምቻለሁ፤ አንድም የማልፈልገው ነገር አልነበረበትም። ስለዚህ ጋብቻው ይሰረዝ፣ ሦስቱ አሜኖች ባሉበት ይቆዩልኝ። ሔራን ወንበሯን ይዛ በግቢያችሁ የምናልፍበት ቀን ሲመጣ ክላክሱን በገዛ እጄ እጫነዋለሁ፤ ወ/ሮ እታለማሁም ያን ጊዜ እንደ ልባቸው እልል ይበሉ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ጌትነት ተሻገር
ያላገባ

አባሪ፦ አንድ ብርድ ልብስ

ግልባጭ፦
ለአቶ ስምዖን
ለወይዘሪት ሔራን ስምዖን (ተራ ቁጥር «መ»ን ብቻ ብታነብልኝ ይበቃኛል)