የውሸት አጎቴ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጓደኛዬ ሔርሜላ ዛሬም አኮረፈችኝ። መሳለሚያ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ እጇን ስታወዛውዝልኝ ዝም ብዬ አለፍኳት አሉ። "ኩራትሽ!" አለችኝ። ኩራት ቢሆን ምን ነበረበት... ከአምስት እርምጃ ወዲያ ሰው ሁሉ ጭጋግ ነው።

ክፍል ውስጥ ግን መላ አለኝ። ስልኬን ከዴስኩ ጫፍ አስደግፌ ሰሌዳውን ፎቶ አነሳለሁ፣ በጣቴ አተልቀዋለሁ፣ እገለብጣለሁ። ስልክ ክልክል ነው። እና በምን ልይ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ተያዝኩ። የፊዚክሱ ቲቸር ማሙሸት ከኋላዬ መጥቶ ስልኬን ላፍ! "ቲክቶክ ላይ ልታወጪኝ ነው?" ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ባለፈው ወር ልጆች አንዱን አስተማሪ ሲያዛጋ ቀርጸው ለቀውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ቁጡ ሆነዋል። "ነገ ወላጅ ካላመጣሽ አትገቢም!"

እውነቱን ብናገር ይቀል ነበር... አልቻልኩም። አክስቴን ሰአዳን እንዲህ ነው የጀመራት። መጀመሪያ ሩቁ፣ ቀጥሎ ቅርቡ። አሁን እማ ክንዷን ይዛ ነው ከክፍል ክፍል የምትወስዳት። ያ አላህ፣ እኔም? እማ ከሰማች ትሞታለች። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

የእማን የቅመም ጆንያ የሚሸከሙልንን ጋሼ ሶሬሳን ለመንኳቸው። "አጎቷ ነኝ ይበሉልኝ።" ራሳቸውን አከኩ። "እሺ... አንድ ቀን ብቻ።"

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ጋሼ ሶሬሳ ኮት ተውሰው መጡ። እጅጌው ጣታቸውን ውጦታል። "አጎቷ ነኝ፣ እቀጣታለሁ" አሉ፣ እንደተነጋገርነው። ይሄኔ ቢያልቅ ምን አለበት! ቲቸር ማሙሸት ግን ቀጠለ። "ሰሌዳ ላይ ስላለው ስጠይቃት እንኳ ዝም ትለኛለች። ንቀት ነው!"

ጋሼ ሶሬሳ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ንቀት? ኧረ ልጅቷ አታይም!"

ቲቸር ወደ እኔ ዞረ፤ ጋሼ ሶሬሳ ቀጠሉ።

"የጆንያ ጽሑፍ አፍንጫዋን ካላስነካች አታነብም። እኔንም በድምፄ ነው የምትለየኝ። ስንት ጊዜ ለእናቷ ልናገር ብዬ... ምን አገባኝ እያልኩ ተውኩት።" ከዚያ የኮቱን ቁልፍ እየነካኩ፣ "አጎቷም አይደለሁም። ተሸካሚ ነኝ" አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! አለቀስኩ። ቲቸር ስልኬን አስከፈተኝ። ሰሌዳ፣ ሰሌዳ፣ ሰሌዳ... የሱ ፊት አንድም ቦታ የለም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። "እናትሽን አምጪ። ለስልኩ አይደለም" አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

እማ ሱቋን ዘግታ መጣች። አልተቆጣችኝም። ይሄ ባሰ። ስንመለስ ክንዴን ያዘችኝ፣ ልክ ሰአዳን እንደምትይዛት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

የዐይን ክሊኒክ። ሐኪሟ ዐይኔን በመብራት ደጋግማ አየች። ምን ያህል ቆየች? እማ ዱዓ ስታደርግ ይሰማኛል።

"እናትሽ የነገረችኝ የአክስትሽ ሌላ በሽታ ነው። ሁሉንም መርምሬያለሁ፣ አንቺ ዘንድ የለም። ሩቁ ነው የማይጠራልሽ፣ መነጽር ይበቃሻል። በየዓመቱ ግን እየመጣሽ ትታያለሽ።"

አልሀምዱሊላህ! አልሀምዱሊላህ! ደረጃው ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። እንባዋ ሳይደርቅ ቁጣው መጣ። "የውሸት አጎት ታመጪብኛለሽ? እናት የለሽም?" ወላሂ፣ ስትቆጣኝ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

መነጽሬን አድርጌ ገባሁ። ሔርሜላ "ፕሮፌሰር!" አለችኝ። ታርቀናል። ሰሌዳው እዚያው ተገትሯል፣ ፊደሉ ጥርት ብሎ። ቲቸር ማሙሸት ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው ለካ! ስልኬን ቤት ትቼው ነው የሄድኩት፣ ማንም ሳያዘኝ።

ስመለስ ከአንዋር መስጊድ ማዶ ጆንያ የተሸከሙ ሰው አየሁ። ከሩቅ። ጢማቸው ሸብቷል፣ አላውቅም ነበር። ሁሌ ቀድመው የሚጠሩኝ እሳቸው ነበሩ።

"አጎቴ!" ብዬ ጮህኩ።

ከጆንያው ሥር ሳቁ። "ኮቱን መልሼዋለሁ እኮ!"