ጨጓራ ነው ያልነው በሽታ

ለእታለሜ፣ ለቤታችን ምሰሶ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሺ ጠረጴዛውን ይዘሽ ነው? ባለቤትሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? የትልቋ ጥርስ በቀለላት? ትንሹ አሁንም ጫማውን ግራና ቀኝ እያቀያየረ ነው የሚያደርገው? አባባስ እንዴት ናቸው? እሳቸውን መጨረሻ ላይ የጠየቅሁት ረስቼ እንዳይመስልሽ፤ ይህ ደብዳቤ ሙሉውን የእሳቸው ጉዳይ ስለሆነ ነው። እኔ ደህና ነኝ። የላክሽልኝን ሹራብ ከላዬ ላይ ስለማላወልቀው ጓደኞቼ «ቆዳህ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኛል።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ ጠይቄሽ ዘጋሁ። ስልኩ ያለው አባባ ክፍል ውስጥ ነው። ደግሞም አንቺ ድምፄ ትንሽ ሲሰበር ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ስታለቅሺ እኔ ቃል ይጠፋኛል። ሹፌሩ ጎረቤታችን ነገ ወደዚያ እንደሚመለስ ስሰማ ወረቀት አነሳሁ። ልጆቹ ሲተኙልሽ ወይም ትምህርት ቤት ሲሄዱልሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው በመጽሐፍ ነው። ዘንድሮ ከታማሚ ጋር ስለ መነጋገር የሚያስተምሩን አንዲት አንጋፋ ነርስ ናቸው። በአልጋዎቹ መካከል ሲያልፉ ስለማይቸኩሉ ተማሪው ሁሉ «ሲስተር ቀስታ» ይላቸዋል። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ መጽሐፍ አደሉንና አንብበን ስሜታችንን በሁለት ገጽ እንድንጽፍ አዘዙን። ለእኔ የደረሰኝ ጠርዙ የተበላ ቀጭን መጽሐፍ ነበር። የጻፈው አናጢ ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ የማይድን በሽታ ያዘውና፣ እስኪሞት በነበሩት አሥራ አንድ ወራት በእርሳስ ሲጽፍ የቆየውን ልጁ ሰብስባ አሳተመችው።

ስጀምረው የጀግና ታሪክ ላነብ ነው ብዬ ነበር። ሰውየው ግን ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ «እኔ ፈሪ ነኝ፤ መርፌ ሳይ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ» ይላል። ሞት እንደሚያስፈራው በየምዕራፉ ይናገራል፤ ከዚያ ደግሞ በማግስቱ ተነስቶ የጀመረውን በር ሲልግ ታገኚዋለሽ። እኔ በሰው ላይ እንዲህ ያለ ብርታት አይቼ አላውቅም። እየፈራ ይሠራል፣ እየፈራ ይቀልዳል፣ ከተጣላው ወንድሙ ጋር እየፈራ ይታረቃል።

መጽሐፉን ያስዘጋኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። ቤተሰቡ መጀመሪያ ላይ ሕመሙን ደብቀውት ነበር። እንዴት እንዳወቀ ሲተርክ፣ ሚስቴ መቆጣት ስታቆም ነው ይላል። የእንጨት ፍቅፋቂ በጫማው ይዞ በገባ ቁጥር ሃያ ስድስት ዓመት ስትጮህበት የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን ዝም ብላ መጥረጊያ አንስታ ጠረገችው። ደንበኞቹ «በራችን መቼ ይደርሳል?» ማለት ተዉ። ልጁ የማያስቅ ቀልዱን ትስቅለት ጀመር። «በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ፤ ሁሉም ያስተናግደኛል፣ የሚያጫውተኝ ግን የለም» ብሎ ጽፏል።

እታለሜ፣ ያን ሳነብ ሐምሌ ላይ ሐኪሙ ወረቀቱን የሰጠሽ ዕለት ትዝ አለኝ። አንቺ፣ ባለቤትሽና እኔ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመን፣ አባባ ከራጅ ክፍል ሳይወጡ ተማማልን። «ጨጓራ ነው እንበላቸው፤ ጉበት መሆኑን ከሰሙ በሽታው ሳይሆን ድንጋጤው ነው የሚገድላቸው» አልሽ። አልወቅስሽም። ሐሳቡ ካንቺ ባይመጣ ከእኔ ይመጣ ነበር። እንዲያውም ውሸቱን ያሳመርኩት እኔ ነኝ፤ የአንድ ዓመት የነርስ ትምህርቴን ይዤ ስለ ጨጓራ አሲድ ሩብ ሰዓት ሳብራራላቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

ሁለቱን ገጽ መጻፍ አቃተኝ። ቀኑ ሲያልፍብኝ ወደ ሲስተር ቢሮ ሄጄ ጊዜ እንዲጨምሩልኝ ለመንኩ። መነጽራቸውን አውልቀው «ማን ታሞብህ ነው?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሂድና ንገራቸው ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አባቴ ጠይቀውኝ ያውቁ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጠይቀውኝ አያውቁም አልኩ። «እንግዲያው ሳይጠይቁህ አትጫንባቸው። ሲጠይቁህ ግን አትዋሻቸው» ብለው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ያለፈው ሳምንት እሑድ፣ አንቺ ልጆቹን ይዘሽ ወጥተሽ ሳለ፣ አባባ ደወሉልኝ። ልብስ እያጠብኩ ስለነበር ስልኩን ያነሳሁት በሳሙና እጄ ነው። ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፣ እየበላሁ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ አንተ ልጅ፣ የጨጓራ መድኃኒት ስድስት ወር ይወሰዳል?» አሉኝ።

ቧንቧውን እንኳ ሳልዘጋ «አባባ፣ ጨጓራ አይደለም» አልኳቸው።

«ጉበት ነው በላ» አሉ።

«አዎ፣ ጉበት ነው።»

«ጎሽ። የማወራው አንድ ሰው አገኘሁ።»

ያውቁ ኖሯል፣ እታለሜ። ከመጀመሪያውም ያውቁ ኖሯል። «አርባ ዓመት የሰው ወገብ ስለካ የኖርኩ ልብስ ሰፊ፣ የራሴ ሱሪ በየሳምንቱ ሲሰፋኝ ምን የማስብ መስሏችሁ ነው? ዓይኔ ቢጫ ሲሆን ደግሞ ጉበት መሆኑን ለየሁት። ሰው ሊያባብለኝ ይችላል፣ ሜትሬ ግን አባብሎኝ አያውቅም» አሉኝ። ስለ አንቺም ነገሩኝ። አንድ ቀን ያን አዲሱን አንሶላ ሻይ ደፍተውበት «ምንም አይደለም አባባ» አልሻቸው አሉ። «ዱሮ ቢሆን ቤቱን በአንድ እግሩ ታቆመው ነበር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ እንዳለቀለት የገባኝ» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። አናጢው ያለውን አባቴ መጽሐፉን ሳያዩት ሲደግሙልኝ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ አስማሉኝ። «ለእህትህ እንዳትነግራት። አያውቁም ብላ ነው የምትበረታው፤ ማወቄን ካወቀች ትወድቅብኛለች» አሉ። እሺ አልኳቸው። ስልኩን ስዘጋ ነው የሠራሁት የታየኝ። ለአንቺ ምዬ ከእሳቸው ደብቄያለሁ፣ ለእሳቸው ምዬ ካንቺ ልደብቅ ነው። አንድ ጣራ ሥር፣ አንዱ ሌላውን ላለማስለቀስ ሲል ሁለታችሁም ለብቻችሁ ታለቅሳላችሁ። የእሳቸውን መሐላ ያፈረስኩት ስምንት ቀን ሙሉ አስቤበት ነው። ቃሉን በላ ብትዪኝ፣ አዎ በልቻለሁ።

ዝም ማለት ያቃተኝ በጉዞው ምክንያት ነው። ለየካቲት መጀመሪያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልትወስጃቸው መነሳትሽን ነግረሽኛል። ሕክምናው ብዙ እንደማይለውጥ ሐኪሙ ሲናገር ሁለታችንም ሰምተናል። አንቺ የምትወስጃቸው ተስፋ እንዳይቆርጡ ብለሽ ነው። እሳቸው ምን አሉኝ መሰለሽ? «የአሥር ሰዓት የአውቶቡስ ጉዞ አጥንቴን እንደሚያላቅቀው አውቃለሁ። ግን አልሄድም ብላት ምን ብዬ ላስረዳት? እሷ ተስፋ እንዳትቆርጥ ብዬ ነው የምሄደው።»

ምን እንደሚሹ ጠየቅኋቸው። መስኮቱ ሥር፣ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ መተኛት ይሻሉ። ትልቋ ልጅሽ መርፌው ላይ ክር ማስገባት ስትማር ማየት ይፈልጋሉ። ደግሞ ስለ እናታችን ያልነገሩን ነገር አለ። እሷ ስትሞት አንቺ አሥር ዓመትሽ ነበር፣ እኔ ገና ጡት ያልተውኩ ነበርኩ፤ በመጨረሻዋ ሳምንት ለአንቺ እንዲነግሩሽ ያለቻቸው ነገር አለ። እኔ ጠይቄያቸው «የእሷ ድርሻ ነው፣ ላንተ አልነግርህም» አሉኝ። «ታዲያ ለምን አይነግሯትም?» ስላቸው፣ «ጨጓራ ያመመው ሰው እንዲህ ያለ ወሬ በምን ይጀምራል?» አሉ።

አትውሰጃቸው አልልሽም። እሱን መወሰን የሁለታችሁ ነው፤ ምናልባት ተነጋግራችሁ እንሂድ ትሉ ይሆናል። ግን ሁለታችሁም እያወቃችሁ ወስኑት። ቤት ለመቆየት ከመረጡ ሥቃዩን የሚያስታግስ መድኃኒት አለ፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ማንን እንደምትጠይቂ ሲስተር በነገሩኝ መሠረት በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ። ፈተናዬ በሦስት ሳምንት ያልቃል፤ ባለቀ ማግስት እመጣለሁ። ሌሊቱን ተራ ገብተን እንጠብቃቸዋለን።

አናጢው ነገሩ በይፋ በተነገረው ማግስት ከሚስቱ ጋር በአንድ የበር ማጠፊያ ምክንያት ክፉኛ ተጣላ። በዚያ ቀን የጻፈው ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ «ዛሬ ተጣላን። ተመስገን።» እኔም መቆጣትሽን እፈራለሁ፣ ግን ስመጣ ብትቆጪኝ አልጠላም። ሲስተርም ሁለቱን ገጽ እስካሁን አልጠየቁኝም፤ «መጀመሪያ ለቤትህ ጻፍ» ብለውኛል።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በኮሪደሩ ላይ እጄን ጨብጦ የያዘኝን አልረሳም። ትልቋን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ትንሹን ጫማውን አስተካክለሽ አድርጊለትና እግሩን ሳሚልኝ። ለአጎታችን፣ ለጎረቤቶቻችን፣ በየቀኑ እየመጣ ከአባባ ጋር ዳማ ለሚጫወተው ፀጉር አስተካካይ፣ ሁሉንም በያሉበት ሰላም በይልኝ።

ለአባባ ለብቻ ሰላምታ አልጽፍም። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ዓይንሽን አትታጠቢ፤ እንዳለሽ ግቢና አጠገባቸው ተቀምጠሽ ወረቀቱን ስጫቸው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከተማሪዎች መኖሪያ፣ ክፍል ቁጥር 14
ሰኞ፣ ጥር 21 ቀን