በኮባ የተጠቀለለች ምድር

ሀይሌ ጋርመንት፣ አዲስ አበባ

ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሽ እህቴ፤

አሰላሙ አለይኩም። አራስነቱ እንዴት ይዞሻል? ሕፃኑስ ይጠባል? እንቅልፍ ይሰጥሻል? ገንፎውን ሳትግደረደሪ ብዪ፤ አጠገብሽ ሆኜ አላጎርስሽ ነገር። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ወንድማችን ኑረዲን ብቻውን ሲመጣ ስታዪ እንዳትደነግጪ። ሪሐናን አምጣልኝ ብለሽ እንደላክሽው ነግሮኛል። አራስ ነሽ፣ እጅ ያስፈልግሻል፣ ልጅቱም እኔ ጋ ሆና ብትማርም ያንቺ ናት፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ብቻ የሆነውን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ኑረዲን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደረሰ። ትኩስ ቆጮ ልጋግርለት ብዬ ማቀዝቀዣውን ስከፍት በኮባ የተጠቀለለ ድቡልቡል ነገር አገኘሁ። አንቺ የላክሽልኝ መስሎኝ ፈትቼ ቢላዋ ሰደድኩበት። መሀል ላይ ኳ ብሎ ቆመ! ታግዬ ለሁለት ብከፍለው ከላይ ስስ ቆጮ፣ ከሥሩ በእርድ ቢጫ የሆነ ወፍራም ሊጥ፣ ከዚያ በበርበሬ የቀላ፣ መሀሉ ላይ የኩሽኔታ ብረት ኳስ። ኑረዲን አዲስ አበባ ቆጮ በኩሽኔታ ነው እንዴ የሚበላው ብሎ ሳቀብኝ።

ለካ ምድር ነበረች! ሪሐና ለትምህርት ቤቷ የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ስትለፋባት የሰነበተች ምድር። ገብታ ስታያት አለቀሰች። እኔም መግቢያ አጣሁ። ከዚያ ድንገት እንባዋን ጠርጋ ሁለቱን ግማሾች አነሳች፤ አክስቴ፣ ሆዷን እንዴት አድርጌ እንደማሳይ ጨንቆኝ ነበር እኮ አለችኝ።

ቅዳሜ ኑረዲንን ይዤ ሄድኩ። ልጅሽ በዚያ ሁሉ ወላጅ ፊት ግማሿን ምድር ይዛ ቆመች። የምንረግጠው ቅርፊት እንዲህ ስስ ነው፤ ከሥሩ ማንትል የሚባል የጋለ ዐለት አለ፣ ጠጣር ሆኖ ሳለ ቀስ እያለ ይንፏቀቃል፤ ከዚያ የቀለጠ ብረት ነው፤ መሀሏ ከሁሉ ይግላል፣ ግን ከየአቅጣጫው ስለሚጫነው አይቀልጥም አለች። አንድ አባት ማን ወርዶ አየው ብለው ጠየቋት። የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ በውስጧ አልፎ ሲወጣ አካሄዱ ይናገራል፤ ሐብሐብ ሳንቆርጥ መታ መታ አድርገን እንደምናውቀው ነው አለቻቸው። እህቴ፣ ኩራቴን የት ላድርገው? አጠገቤ የቆመችውን ሴት በክርኔ ስጎስም ጎኗን ሳላቆስላት አልቀረሁም።

በመጨረሻ ማን እንዲህ አሳምሮ ቆረጠልሽ አሏት። ወደ እኔ ጠቁማ እናቴ አለች። ሰው ፊት ነውና አላረምኳትም። ቤት ገብተንም አላረምኳትም። ከሌላ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

ስንመለስ ኑረዲን ይቺን ልጅ ከትምህርቷ ነጥዬ አልወስድም፣ ግን ለእናቷ ምን እላለሁ አለኝ። እኔ እጽፍላታለሁ አልኩት። የምታግዝሽ ሰው ፈልጌ በዚህ ሳምንት እልክልሻለሁ፣ ሐሳብ አይግባሽ። ለአረፋ ሪሐናን ራሴ ይዣት እመጣለሁ። አቅፈሽ ጥገቢያት። የደብተር ቦርሳዋን ግን እዚሁ ሰቅላ ነው የምትመጣው።

አላህ ሕፃኑን ያሳድግልሽ፤ አንቺንም በጤና ከአራስ ቤት ያውጣሽ።

እህትሽ፣
የሪሐና አክስት