መኪና የማያልፍበት የጫካ መንገድ

ኦክቶበር 12፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ
ቴረልስ ክሪክ፣ ቪክቶሪያ

ብሮኒዬ፣ የኔ ልጅ፣

ግላስጎው እንዴት ይዞሻል? ባለፈው ስንደዋወል ድምፅሽ ጉንፋን የያዘው ነበር። «ደህና ነኝ እማዬ» አልሽኝ እንጂ አላመንኩሽም። ነርስ ሆነሽ ለራስሽ ሲሆን አትታከሚም። ይኼን የምጽፍልሽንም በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ አባትሽ ግን ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ አጠገቤ ተቀምጦ ስለሚያዳምጥ አልሆነልኝም።

በመጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅሽ። ከአባትሽ አደጋ ወዲህ ያልነካሻትን ሰማያዊ ብስክሌትሽን ሳላስፈቅድሽ ከመጋዘን አውጥቼ እየነዳኋት ነው። አዎ፣ እኔ እናትሽ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ስድስት ልጆች ሆነን ያደግነው በአንዲት ብስክሌት ነው፤ እሷም የወንድሞቼ ነበረች፤ እኔን የሚያስጠጋኝ አልነበረም። አንቺና አባትሽ በየእሑዱ ስትወጡ በር ላይ ቆሜ እጄን ከማውለብለብ ያለፈ ነገር አላውቅም ነበር።

እንዴት እንደጀመርኩ ልንገርሽ። የዛሬ ዓመት ክረምት ማብቂያ ላይ ወንዙ ሞልቶ በጥብቁ ደን ውስጥ የሚያልፈውን መንገድ ድልድይ ጠርጎት ሄደ። ለትልቅ ድልድይ ገንዘብ የለም ተባለና ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የምትበቃ ጠባብ የእንጨት ድልድይ ሠሩ። የመንገዱንም ሁለት ጫፍ በወፋፍራም ግንድ ዘጉት። አብራሽ የተማረችው ሬይሊን አሁን የደኑ ጠባቂ ናት፤ ግንዱን ያስጋደመችው እሷ ስለሆነች ለጊዜው ሰላም የሚላት ሰው ጠፍቶ ነበር። ጎረቤታችን ክሊፍ ደግሞ ታውቂው የለ፣ ከአባትሽ ጋር ብስክሌት ሲነዳ ያረጀ ሰው ነው፤ «በዓለም ላይ ለካንጋሮ አስፋልት ያነጠፍን እኛ ብቻ ነን» እያለ መንደሩን አሳቀው።

ዘንድሮ ኦገስት ላይ አንድ ቀን በእግሬ ገብቼ አየሁት። ብሮኒዬ፣ ያ መኪና እየተጋፋ የሚያልፍበት መንገድ አይደለም። ባሕር ዛፎቹ ቅርፊታቸውን አስፋልቱ ላይ ጥለውታል፣ ግራሩ ቢጫ አበባውን አውጥቶ ጠርዙ ላይ ተደፍቷል። አንዲት ካንጋሮ ልጇን በከረጢቷ ይዛ መሀል መንገድ ላይ ተጋድማለች፤ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ተኛች። ቆሜ ባዳምጥ ባዳምጥ አንድም የሞተር ድምፅ የለም። ያን ጊዜ አባትሽን አሰብኩት።

ስለ አባትሽ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። አብራችሁ ስትነዱ ያ የጭነት መኪና ገጭቶ ከጣለው ወዲህ እግሩ ድኗል፤ ሐኪሙም ከነገረው ቆይቷል። እሱ ግን «እግሬ እሺ አይለኝም» ነው መልሱ። ችግሩ እግሩ እንዳልሆነ የገባኝ አንድ ከባድ መኪና በደጃችን ሲያልፍ ሳየው ነው። ሻዩን ወደ አፉ ይዞ ሳለ ሳይጠጣውም ሳያስቀምጠውም ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀ። ከዚያ ወዲያ አስተውዬ ሳየው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

እናም ማታ እራት ላይ ብስክሌት አስተምረኝ አልኩት።

«አጥንትሽን ልትሰብሪ ነው እንዴ ግሌኒስ?» አለኝ።

«ብሰብር የኔ ነው» አልኩት። አላስተምርም አለ። እኔም ክሊፍን ለመንኩት።

ክሊፍ የሰው ልጅ አስተማሪ አይደለም። ግንዱን አልፈን እንደገባን ብስክሌቷ ላይ አስቀምጦኝ፣ ገፍቶ ለቀቀኝና «አሁን ንጂ!» አለ። በቀጥታ ግራሩ ውስጥ ገባሁ። ቢጫ አቧራ ለብሼ ስወጣ አባትሽ ከበስተኋላችን መንገዱ ላይ ቆሟል። ለካ ተከትሎን መጥቷል። ሳቀ፣ ልጄ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ። ከዚያ ክሊፍን ገለል አደረገና የመቀመጫዋን ጀርባ ያዘልኝ። «ጎማውን አትዪ፣ ወደምትሄጂበት እዪ» አለኝ። አንቺንም እንደዚሁ ነበር ያስተማረሽ፤ ድምፁ እስከ ወጥ ቤት ይሰማኝ ነበር።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ያስተምሩኝ ጀመር። ክሊፍ ብስክሌቱን ይዞ ይመጣል፣ አባትሽ በእግሩ። ፍሬን መያዝ ቻልኩ፣ ማርሽ መቀየርም ቻልኩ፣ ሬይሊንም «ወይዘሮ ግሌኒስ፣ ከፍጥነት በላይ ነድተዋል ብዬ እቀጣዎታለሁ» እያለች ታሾፍብኛለች። አባትሽን ግን ማንም ሰው ብስክሌት ላይ ውጣ አላለውም። ክሊፍ አንድ ቀን አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኔ ገሠጽኩት።

ሴፕቴምበር ሲገባ ጥቁርና ነጮቹ ወፎች፣ ማግፓዮቹ፣ ጎጆ ሠሩ። እንደምታውቂው ያን ጊዜ ጨዋነታቸው ይጠፋል። አንድ ጠዋት ብቻዬን ቀድሜያቸው፣ ከመታጠፊያው አልፌ እየነዳሁ ሳለ አንዷ ከኋላዬ መጥታ ሄልሜቴን በመንቆሯ ቀወረችው። ጮህኩ። መሪው ከእጄ ወጣና ቦይ ውስጥ ተገለበጥኩ። ክሊፍ አሁንም «ጩኸትሽ ለአንዲት ወፍ በዛ» ይለኛል። እንግዲህ እኔ እንጃ።

ቦዩ ውስጥ ተቀምጬ ጉልበቴን ስዳብስ የጎማ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ከመታጠፊያው አባትሽ ብቅ አለ፣ በክሊፍ ብስክሌት፣ ጎንበስ ብሎ፣ ያለ ሄልሜት፣ እንደ ጎረምሳ እየረገጠ። አጠገቤ ደርሶ ቆመና አንድ እግሩን መሬት ላይ አሳረፈ። እኔን አየ፣ ከዚያ የያዘውን መሪ አየ። ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«ተሰበርሽ?» አለኝ።

«አልተሰበርኩም።»

«የክሊፍ መቀመጫ ዝቅ ብሏል» አለ። «በዚህ ዓይነት ጉልበቱን መጨረሱ ነው።»

በነጋታው የራሱን ብስክሌት ከመጋዘኑ ጣሪያ አውርዶ ካቴናውን ዘይት ሲቀባ አገኘሁት። አሁን በየጠዋቱ ይነዳል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዋናው መንገድ ጋ ያለው ግንድ ላይ ሲደርስ ይመለሳል። እዚያ ማዶ የመኪናው ድምፅ ይሰማል። አልጎተጉተውም። ከግንዱ ወዲህ ያለው መንገድ ለሁለታችንም ይበቃናል።

አሁን ዋናውን ነገር ልጻፍልሽ። ሐሙስ ዕለት በመንደሩ አዳራሽ ስብሰባ ነበር፤ ትልቅ ድልድይ ተሠርቶ መኪና ይመለስ ወይስ መንገዱ እንደተዘጋ ይቆይ የሚል። ዳቦ ጋጋሪዋ ፓትሪስ እናቷ ከወንዙ ማዶ ስለሆነች በየቀኑ ዙሪያውን መሄድ ሰልችቷታል፤ እሷም እውነት አላት። ብዙ ተጨቃጨቁ። ከዚያ አባትሽ ተነሣ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ጮክ ብሎ የማይዘምር ሰው! ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ እንዲህ አለ፦

«እኔ ስገጭ ልጄ ከፊቴ ነበረች። መጋጠሚያው ላይ ‹መንገዱ ክፍት ነው› ብላ ጮኸችልኝ። ክፍት ነበር። እኔም ዞሬ አይቻለሁ። መኪናው የመጣው እኛ ከገባን በኋላ ነው፣ ከበስተኋላዬ፤ መንገዱ ለሦስታችን አልበቃም። እሷ ማየት ያለባትን ሁሉ አይታለች። ይኼን ነገር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ተናግሬ አላውቅም።»

አባትሽ ተቀመጠ። ከዚያ መልሶ ተነሣና «ስለዚህ መንገዱ እንደተዘጋ ይቆይ ነው የምለው» አለ፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ፓትሪስም ጭምር። ለአሁኑ እንደተዘጋ ይቆይ ተባለ። የዙሪያውን የጠጠር መንገድ ደግሞ አስፋልት እናደርገዋለን ብለው ለፓትሪስ ቃል ገብተዋል፤ ቃላቸውን እናያለን።

የተናገረውን ቃል በቃል ነው የጻፍኩልሽ። ሬይሊን አጠገቤ ነበረች፣ ከፈለግሽ ደውለሽ ጠይቂያት። እኔ ምንም አልጨምርበትም። ወደ ቤት ስንመለስ እሱም «እራት ምንድን ነው?» ብቻ ነው ያለኝ።

አሁን ከደጅ ገብቶ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ለብሮኒ ነው ስለው በር ላይ እንደቆመ ቀረ። ኋላም ከታች ትንሽ ቦታ ተዪልኝ አለ። ስለዚህ ላሳጥርልሽ። ሹራብ ልበሺ፣ በልተሽ ሥራ ግቢ። ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፣ እጅሽ የነካው ሕመምተኛ ሁሉ ይማር፣ ሲመሽም ሲነጋም ልብሽ ይረፍልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ፣
ግሌኒስ

ብሮኒ፣
ኤፕሪል ላይ ሙቀቱ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ነይ። የጫካው መንገድ ስንሄድ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው፤ ስንመለስ ግን ከኋላ ይገፋናል። ከፊት አንቺ ትሆኛለሽ።
አባትሽ